የዙሐል ፎቶ ስልካችን ላይ እስኪደርስ በስንት እጅ ያልፋል?



በቴሌግራም ግሩፖቻችን ሁለት ዓይነት የዙሐል (የሳተርን) ምስል ደጋግሞ ሲዘዋወር እናያለን። አንደኛው ፕላኔቱ ከነቀለበቱ ከተራራ ጀርባ ግማሽ ሰማይ ሞልቶ ሲወጣ የሚያሳየው ነው። ከሥሩ «ሱብሐነላህ» የሚል አስተያየት ይደረደራል። ሁለተኛው ጨለማ ነው። ዙሐል ፀሐይን ከልሎ ቆሟል፤ ቀለበቱ ከኋላ በሚመጣው ብርሃን ወርቃማ ሆኖ ይታያል፤ በስተቀኝ ወደ ታች የሰናፍጭ ቅንጣት የምታህል ነጥብ አለች። ጽሑፉ «ይህች ነጥብ ምድር ናት» ይላል። ከዚህኛው ሥር ደግሞ «ፎቶሾፕ ነው»፣ «ማን ሄዶ አነሳው?» የሚለው ይበዛል።

ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የመጀመሪያው በኮምፒውተር የተሠራ ሥዕል ነው፤ ሁለተኛው ግን በካሜራ የተነሳ ፎቶ ነው።

ክፍል ውስጥ ባሳለፍናቸው ዓመታት ያስተዋልነው አንድ ነገር አለ። ተማሪ ሐሰተኛ ምስል እውነት ነው ብሎ ያሳየውን ሰው ይቅር ሊል ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ያ ሰው እውነተኛውን ሲያሳየውም ቶሎ አይቀበለውም። መድረሳ የሚያስተምር ኡስታዝ፣ ስለ ፍጥረት ታላቅነት ሲናገር ስልኩን አውጥቶ ምስል የሚያሳይ ዳዒ፣ ለልጁ የሚያስረዳ አባት ሁሉ ምስሉ ከየት እንደመጣ ቢያውቅ የሚጠቀመው ለዚህ ነው። በዚህ ጽሑፍ ከዙሐልና ከጨረቃዎቹ የመጡ ፎቶዎች እንዴት እንደተነሱ፣ በመንገድ ላይ ማን ምን እንዳደረገባቸው እናያለን። «ዓ.ም.» ካላልን በቀር ዓመታቱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በገዛ ዓይናችን ከምናየው እንጀምር። ዙሐል ያለ ምንም መሣሪያ ይታያል። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ጉና ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ክረምቱ ወጥቶ መስከረምና ጥቅምት ሲገባ ሰማያችን ምን ያህል እንደሚጠራ ለደቡብ ጎንደር ሰው አይነገረውም። በእነዚህ ዓመታት ዙሐል የሚደምቀው በዚሁ ወቅት ነው። መግሪብ ከተሰገደ በኋላ ጥቂት ቆይቶ ወደ ምሥራቅ ያየ ሰው፣ እንደ ከዋክብት ብዙ የማይብለጨለጭ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ የረጋ ብርሃን ያገኛል። እሱ ነው። ከነቀለበቱ ሲለካ ስፋቱ የሙሉ ጨረቃን አንድ አርባኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ለዓይናችን ነጥብ ነው። ስለዚህ ከተራራ ጀርባ ሰማይ ሞልቶ የሚወጣ ዙሐል ከጉና አይታይም፤ ከሂማላያም አይታይም።

ዙሐል የሚለው ስም ዐረብኛ ነው፤ የአገራችን የድሮ የከዋክብት ቆጠራ መጻሕፍትም በዚሁ ስም ይጠሩታል። ሙስሊም የፈለክ ሊቃውንት አካሄዱን ለዘመናት ለክተዋል፤ በ29 ዓመት ተኩል ገደማ አንድ ዙር እንደሚጨርስም ያውቁ ነበር። ቀለበቱን ግን አላዩትም። ቴሌስኮፕ አልነበረምና ሊያዩት አይችሉም ነበር። «ቀለበቱን የኛ ሰዎች ድሮም ያውቁት ነበር» እየተባለ የሚጻፈውን ባንደግመው ይሻላል፤ ሊቃውንቱ በእርግጥ የሠሩት ሥራ ይበቃቸዋል። ጋሊሊዮ በ1610 በትንሽ ቴሌስኮፑ ሲያይ እንኳ ከፕላኔቱ ግራና ቀኝ ጆሮ የመሰለ ነገር ከማየት አላለፈም። ያ ጆሮ ቀለበት መሆኑን ያብራራው ሆላንዳዊው ሁይገንስ ነው፤ ማብራሪያውን ያሳተመው በ1659 ነበር። ታላቋን ጨረቃ ታይታንንም ያገኘው እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ሰው ለሦስት መቶ ዓመታት ከምድር ሆኖ ሲያይ ኖረ። መንኩራኩሮች ወደዚያ መድረስ የጀመሩት በ1979 ነው። መጀመሪያ ፓዮኒር 11፣ ቀጥሎ በ1980 እና በ1981 ሁለቱ ቮያጀሮች አለፉ። ሦስቱም የሄዱት አውቶቡስ ሳይቆም ከተማ አቋርጦ እንደሚያልፈው ነው፤ ከመስኮት ያዩትን ቀርጸው ቀጠሉ። እዚያው የሰነበተችው ካሲኒ ናት። በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በጣሊያን የሕዋ ተቋማት ትብብር ተሠርታ በጥቅምት 1997 ተነሳች፤ ሰባት ዓመት ተጉዛ በ2004 አጋማሽ ደረሰች፤ ዙሐልን 13 ዓመት ስትዞር ቆይታ ከ450 ሺህ በላይ ምስሎች ላከች። በስልካችን የምናያቸው እውነተኛ የዙሐል ፎቶዎች አብዛኞቹ የእሷ ናቸው።

አሁን ካሜራዋን እንመልከት፤ «ፎቶሾፕ ነው» የሚለው ጥርጣሬ የሚነሳው እዚህ ላይ ነውና።

ካሲኒ ሁለት ካሜራ ነበራት፤ አንዱ ለቅርብ፣ አንዱ ለሰፊ ዕይታ። የእያንዳንዱ ካሜራ ብርሃን መቀበያ በአግድም 1,024፣ በቁም 1,024፣ በድምሩ አንድ ሚሊዮን ነጥብ ያህል ብቻ ነበረው። ዛሬ ተራ የሚባለው ስልክ እንኳ ከ12 ሚሊዮን በላይ አለው። ሌላው ደግሞ ካሜራው ቀለም አያውቅም ነበር። እያንዳንዱ ምስል ጥቁርና ነጭ ነው። ይህን የሰማ ሰው ወዲያው «አያችሁ! ቀለሙን እነሱ ናቸው የቀቡት!» ይላል። እስቲ አንድ ትንሽ ሙከራ አብረን እንሥራ።

ከረሜላ የሚጠቀለልበትን ቀይ ብርሃን አሳላፊ ላስቲክ ዓይናችሁ ላይ አድርጋችሁ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀዩን ባንዲራችንን እዩ። ቀዩና ቢጫው ብሩህ ሆነው ይታያሉ፤ አረንጓዴው ይጠቁራል። አረንጓዴ ላስቲክ ስታደርጉ ደግሞ አረንጓዴውና ቢጫው ይበራሉ፤ ቀዩ ይጠቁራል። ጥቁርና ነጭ ብቻ የሚያይ ሰው ሁለቱን ዕይታዎች ጎን ለጎን ቢያስቀምጥ የትኛው ክፍል ቀይ፣ የትኛው አረንጓዴ፣ የትኛው ቢጫ እንደሆነ ቀለም ሳያይ በትክክል ይለየዋል። በሁለቱም የበራው ቢጫ ነው።

ካሲኒ ያደረገችው ይህንኑ ነው። ከሌንሷ ጀርባ ባሉ የሚዞሩ ጎማዎች ላይ የቀለም ማጣሪያዎች ተደርድረዋል፤ በቅርብ ማያው ካሜራ ላይ ብቻ 24 ነበሩ። አንድን ቦታ አንዴ በቀይ፣ አንዴ በአረንጓዴ፣ አንዴ በሰማያዊ ማጣሪያ ታነሳለች። ምድር ላይ ሦስቱ ሲደረቡ ቀለም ያለው ፎቶ ይሆናል። በቦታው የቆመ ሰው ቢኖር ሊያየው ለሚችለው ቀለም በጣም የቀረበ ነው። የስልካችን ካሜራም ከዚህ የተለየ ተአምር አይሠራም፤ እያንዳንዱ ነጥቡ ላይ ቀይ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ማጣሪያ ተለጥፏል፤ የሚያዋህደው በውስጡ ያለው ኮምፒውተር ነው። ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ያመጠቀቻት የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ-1ም መሬታችንን ታነሳ የነበረው በተለያዩ የብርሃን ዓይነቶች ለያይታ ነው።

ለያይቶ ማንሳት የራሱ ጣጣ አለው። በሦስቱ ፎቶዎች መካከል ጊዜ ያልፋል፤ ጨረቃዎቹ ደግሞ አይቆሙም። ሦስቱ ሲደረቡ አንዷ ጨረቃ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሆና ሦስት ቦታ ትታያለች። አቀናባሪዎቹ እነዚህን መልሰው ያጋጥሟቸዋል። ጥሬዎቹን ምስሎች ያየ ሰው ሌላም ነገር ያገኛል፤ ነጫጭ ነጠብጣብና ጭረት። ከጠፈር የሚመጡ ቅንጣቶች የካሜራውን መቀበያ ሲመቱ የሚተዉት ምልክት ነው። ይህንኑ ይዘው «ናሳ የደበቀው መርከብ» የሚሉ አሉ፤ «ጂን ነው» ያለም አይጠፋም።

እንግዲህ መንገዱን እንከተል። ምስሉ መጀመሪያ መንኩራኩሯ ላይ ባለ ማስቀመጫ ይቀመጣል። ካሲኒ ካሜራዎቿም ትልቁ አንቴናዋም ከአካሏ ጋር የተጣበቁ ስለነበሩ እያነሳች መላክ አትችልም ነበር። ለሰዓታት ታነሳለች፤ ከዚያ መላ አካሏን አዙራ 4 ሜትር ስፋት ያለውን አንቴና ወደ ምድር ታቀናለች። የማስተላለፊያዋ ኃይል 20 ዋት ገደማ ነበር፤ የአንድ ትንሽ አምፖል ያህል ማለት ነው። ያ ምልክት ከ1.2 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ አቋርጦ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ተጉዞ፣ በካሊፎርኒያ፣ በስፔን ወይም በአውስትራሊያ ባሉ ግዙፍ ሰሃኖች ይያዛል። ከነዚህ ትልልቆቹ 70 ሜትር ስፋት አላቸው። ከዚያ ካሊፎርኒያ ወዳለው የመቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ከዚያ ኮሎራዶ ወዳለው በካሮሊን ፖርኮ ይመራ ወደነበረው የምስል ቡድን ይሄዳል።

የሐዲስ ትምህርት የቀመሰ አንባቢ የት ልንደርስ እንደሆነ ሳይገባው አይቀርም። አንድ ዘገባ ሲቀርብለት መጀመሪያ የሚጠይቀው «ከማን ሰማኸው? እሱስ ከማን?» ብሎ ነው። ዘገባው በሰዎች እጅ ማለፉ ብቻውን አይጥለውም፤ የሚጥለው ከሰንሰለቱ አንዱ ሳይታወቅ ሲቀር ወይም የማይታመን ሲሆን ነው። የካሲኒ ምስሎች ኢስናድ አላቸው ብንል ማጋነን አይሆንም። እያንዳንዱ ምስል በየትኛው ካሜራ፣ በስንተኛው ሰከንድ እንደተነሳ ከራሷ ከመንኩራኩሯ ሰዓት የተወሰደ ቁጥር አለው። ጥሬዎቹ ምስሎች ከነጭረታቸው እንደደረሱ በኢንተርኔት ለሕዝብ ይለቀቁ ነበር። ከተቋሙ ጋር ምንም ግንኙነት የሌላቸው፣ በየአገሩ ያሉ ፍላጎት ያደረባቸው ሰዎች ሦስቱን ጥቁርና ነጭ አውርደው ራሳቸው ደርበው ቀለሙን ያወጡታል፤ ውጤቱም ከተቋሙ ጋር ይገጥማል። ደብረ ታቦር ላይ ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ያገኘ ተማሪም ይህን ማድረግ ይችላል። «ማን ሄዶ አነሳው?» ለሚለው ከቃላት ይልቅ ይህ ይሻላል።

ወደዚያች ሰማያዊ ነጥብ እንመለስ። ፎቶው የተነሳው በጁላይ 19 ቀን 2013 ነው። ካሲኒ ያን ቀን ዙሐል ጥላ ውስጥ ገባች። ፀሐይ ተከልላ ስለነበር ካሜራዋን ሳያቃጥለው ወደ ፀሐይ አቅጣጫ፣ ማለትም ወደኛ አቅጣጫ ማየት ተቻለ። በአራት ሰዓት ያህል ጊዜ ውስጥ 323 ምስሎች አነሳች፤ ከነዚህ 141ዱ ተገጣጥመው አንድ ትልቅ ፎቶ ሆኑ። ምድር ያለችበት ክፍል የሚነሳበት ሰዓት አስቀድሞ ለዓለም ተነግሮ ስለነበር በየአገሩ ሰዎች ወጥተው ወደ ዙሐል እጃቸውን አውለብልበዋል። ሰዓቱን በእኛ ስናሰላው ሐምሌ 12 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ዓርብ ለቅዳሜ ሌሊት 6 ሰዓት ከ27 ገደማ ላይ ይውላል። ረመዳን ነበር፤ 1434 ሂጅራ። ተራዊሕ ተሰግዶ አልቆ ሱሑር ገና ያልደረሰበት ሰዓት። በፎቶው ላይ የምታበራው ነጥብ ብርሃኗን ያገኘችው ያን ሰዓት ቀን ከነበረው ከምዕራቡ ክፍል ነው፤ የእኛ ወገን ጨለማው ላይ ነበር። ከደብረ ታቦር ቢታይ ዙሐል ከጣና ማዶ ሊጠልቅ ተቃርቦ ነበር፤ የሐምሌ ደመና ካሳየ።

ይህን ፎቶ ሰው ነካክቶታል? አዎ። ምስሎቹ በሰዓታት ልዩነት የተነሱ በመሆናቸው ተገጣጥመዋል፤ የጨረቃዎቹ ቦታ ተስተካክሏል። ከተለቀቁት ቅጂዎች በአንዱ ላይ ምድርና ከዋክብቱ በደንብ እንዲታዩ ሆን ተብሎ ደመቅ ተደርገዋል። ይህ ሁሉ ግን ከፎቶው ጋር በወጣው መግለጫ ላይ ተጽፏል። ችግሩ የሚመጣው ፎቶው ግሩፕ ከግሩፕ ሲሻገር መግለጫው ተቆርጦ ሲቀር ነው። ምስሉ ያው ነው፤ ኢስናዱ ተቆርጧል።

ከጨረቃዎቹ ውስጥ ልንቆይባት የሚገባት ኤንሴላደስ ናት። ትንሽ ናት፤ ከዳር እስከ ዳር 500 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ ከአዲስ አበባ ደብረ ታቦር ከሚወስደው መንገድ ታንሳለች። ላይዋ በረዶ ነው፤ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ወደ 200 ዲግሪ ይደርሳል። ደቡባዊ ጫፏ ላይ አራት ትላልቅ ስንጥቆች አሉ፤ እያንዳንዳቸው ወደ 130 ኪሎ ሜትር ይረዝማሉ። ስማቸው ባግዳድ፣ ደማስቆ፣ ካይሮና እስክንድርያ ነው። አንባቢ እንዳይገረም፤ በዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ውሳኔ በኤንሴላደስ ላይ ያሉ ቦታዎች ስም የሚወሰደው ከሺህ አንድ ሌሊት ተረቶች ነው። ስለዚህ አላዲን፣ ዓሊ ባባ፣ ሲንድባድ፣ ሸህረዛድ የሚባሉ ጉድጓዶችም አሉ። እኛን ቢጠይቁን ከተረት ይልቅ የሊቃውንቱን ስም እንመርጥ ነበር። እነ አል-ቢሩኒ፣ አል-ሱፊና አል-ባታኒ ግን ቀድመው የእኛዋን ጨረቃ ጉድጓዶች ወስደዋል።

በ2005 የካሲኒ መሣሪያዎች ከነዚህ ስንጥቆች የሆነ ነገር እየወጣ እንደሆነ ጠቆሙ። ቁርጡን በግልጽ ያሳየው ፎቶ ግን በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የመጣው ነው። ቡና ሲፈላ የዕጣኑ ጭስ መቼ ነው ጎልቶ የሚታየን? ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ከጭሱ ጀርባ ሲሆን ነው። ብርሃኑ ከእኛ ጀርባ ከሆነ ጭሱ ይጠፋል። ካሲኒም ፀሐይን ከኤንሴላደስ ጀርባ አድርጋ አነሳች፤ ጨረቃዋ ጠቁራ ከጫፏ ወደ ሕዋ የሚተፉ የበረዶና የእንፋሎት ምንጮች እንደ ፏፏቴ ግልባጭ ታዩ። ከጊዜ በኋላ አንድ በአንድ ሲቆጠሩ መቶ ያህል ሆኑ። እንጦጦ ላይ ባለሀብቱ ሼህ መሐመድ ሁሴን አላሙዲ ባደረጉት ድጋፍ ተሠርቶ በ2015 የተመረቀው ማዕከል አንድ አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት፤ ጥሩ መሣሪያዎች ናቸው። ግን በእነሱም ሆነ ከእነሱ በሚበልጡት ይህን ፎቶ ከምድር ማንሳት አይቻልም። ፀሐይን ከዙሐል ጨረቃ ጀርባ ለማድረግ የግድ ከዙሐል ማዶ መቆም ያስፈልጋል።

ውሃው ከየት መጣ? እዚህ ላይ የደቡብ ጎንደር ሰው ከማንም በላይ ይገባዋል፤ ወንዛዬን ያውቃልና። በደራ ወረዳ የሚገኘው የወንዛዬ ፍል ውሃ ለመታጠብና ለመታከም ሰው ከሩቅ የሚመጣበት ነው። እንጨት የሚያነድለት የለም፤ የሚሞቀው ከመሬት ሥር ባለው ሙቀት ነው። አካባቢው የእሳተ ገሞራ አገር ነው፤ ጉና ራሱ የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው። በኤንሴላደስም በረዶው ሥር ውቅያኖስ አለ፤ ከሥሩ ደግሞ ትኩስ ውሃ ከዓለት ጋር እንደሚገናኝ የሚጠቁሙ ቅንጣቶች ተገኝተዋል። የሙቀቱ ምንጭ ግን ከወንዛዬ ይለያል። ሽቦ ደጋግመን ስናጥፍና ስንዘረጋ መታጠፊያው ይሞቃል። ኤንሴላደስ ዙሐልን በ33 ሰዓት አንዴ ትዞራለች፤ መንገዷ ፍጹም ክብ ስላልሆነ አንዴ ቀረብ አንዴ ራቅ ትላለች። ዙሐል በስበቱ ሲጨምቃትና ሲለቃት ውስጧ እንደ ሽቦው ይሞቃል። ካሲኒ በ2015 በ49 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ በዚያ እንፋሎት መሐል አልፋ ቀመሰችው። ከዚህ ተነስቶ «ሕይወት ተገኘ» የሚል ዜና በየጊዜው ይለጠፋል፤ አልተገኘም። የተገኘው ውሃ፣ ሙቀትና ለሕይወት የሚያስፈልጉ ንጥረ ነገሮች ናቸው። ካሲኒ ሕይወትን ለይታ የምታውቅበት መሣሪያ አልያዘችም ነበር።

ታላቋ ጨረቃ ታይታን ላይ ደግሞ የኛ ስም አለ። የአባያ ሐይቅ ስም በሰሜናዊ ክፍሏ ላለ 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚረዝም ሐይቅ ተሰጥቷል፤ በታይታን ያሉ ሐይቆች የሚሰየሙት በምድር ሐይቆች ስም ነውና። ከጣና ያንሳል። ፈሳሹ ግን ውሃ አይደለም። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 179 ዲግሪ ስለሆነ ውሃ እዚያ እንደ ድንጋይ ነው፤ የሚዘንበውና የሚተኛው እኛ ጋዝ ብለን የምናውቀው ሚቴን ነው።

ስለ ቀለም ያነሳነው ጉዳይ እዚህ ላይ ይከብዳል። ታይታን በወፍራም ብርቱካናማ ጭጋግ ተሸፍናለች፤ ተራ ካሜራ ከጭጋጉ በታች አያይም። የታይታኑ አባያ የታየው በራዳር ነው። ካሲኒ የሬዲዮ ሞገድ ወደ ታች ትልካለች፤ ሻካራ መሬት ሞገዱን መልሶ ስለሚበትነው ብሩህ ይታያል፤ ለስላሳ ፈሳሽ ግን እንደ መስታወት ወደ ሌላ አቅጣጫ ስለሚያንሸራትተው ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ሐይቁን ሰማያዊ፣ ዳሩን ቡናማ አድርጎ የሚያሳየው የታወቀ ካርታ ቀለሙ ሰው የሰጠው ነው። ቅርጹና ቦታው እውነት ነው፤ ሰማያዊነቱ እንዲገባን የተደረገ ነው። የምድሩ አባያ እንኳ ደለል ስለሚበዛበት ቀላ ያለ እንጂ ሰማያዊ አይደለም። ጂኦግራፊ መጽሐፍ ላይ ደጋውን ቡናማ፣ ቆላውን አረንጓዴ የሚቀባው ካርታ ዋሸ እንደማንለው ሁሉ ይህንንም ዋሸ አንለውም፤ «ታይታን ላይ ሰማያዊ ሐይቅ አለ» ብሎ የሚያስተምረው ግን ተሳስቷል።

የታይታንን መሬት በቅርብ ያነሳች አንዲት ካሜራ ብቻ ናት፤ ከካሲኒ ተለይታ በጃንዋሪ 14 ቀን 2005 በፓራሹት የወረደችው የሁይገንስ። ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ስትወርድ አነሳች፤ አርፋም ለአንድ ሰዓት ያህል በካሲኒ በኩል ላከች። የወንዝ ዳር ጠጠር የመሰሉ የበረዶ ድብልብሎች በፎቶዋ ይታያሉ። ከሁለቱ የመቀበያ መስመሮች አንዱ በትእዛዝ ስህተት ሳይከፈት በመቅረቱ 350 ያህል ምስሎች ጠፉ፤ የዚያኑ ያህል ደረሱ። ተቋማቱ ይህን ራሳቸው ተናግረዋል። ዘጋቢን የምናምነው የጎደለውንም ሲነግረን ነው።

ለምን ይህን ያህል እናጠብቃለን? ምክንያቱም የተቃጠልንበት ምሳሌ አለን። በጨረቃችን ላይ የሚታየውን ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ቦይ የሚያሳይ፣ በ1969 በአፖሎ 10 የተነሳ ፎቶ አለ። ፎቶው እውነተኛ ነው። በየግሩፑ ግን «ጨረቃ የተሰነጠቀችበት ምልክት፣ ናሳ ያረጋገጠው» ተብሎ ለዓመታት ሲዞር ቆይቷል። ናሳ እንዲህ ያለ ነገር አላረጋገጠም፤ ቦዩም ጨረቃን ዞሮ የሚከፍል አይደለም። የጨረቃን መሰንጠቅ ሙስሊም የሚያምነው በቁርኣንና በሶሒሕ ሐዲስ ነው፤ ማስረጃው እዚያ ሆኖ ሳለ ሌላ ታሪክ ያለውን ፎቶ ማስጠጋት ምን አተረፈ? ዩኒቨርሲቲ ገብቶ እውነቱን ያገኘ ወጣት የሚጠራጠረው ፎቶውን ብቻ አይሆንም፤ ያሳየውንም ሰው ነው።

ስለዚህ አንድ የዙሐል ምስል ሲደርሳችሁ መግለጫውን ፈልጉ። የናሳ ምስሎች አብዛኛውን ጊዜ «ፒ.አይ.ኤ» ከሚሉ ፊደላት ጋር ቁጥር አላቸው፤ በዚያ ቁጥር ስትፈልጉ ዋናው ጽሑፍ ይወጣል። «ናቹራል ከለር» ካለ ለዓይን የቀረበ ቀለም ነው። «ፎልስ ከለር» ካለ ቀለሙ ልዩነት ለማሳየት የተሰጠ ነው። «አርቲስትስ ኮንሴፕት» ካለ ከነጭራሹ ሥዕል ነው፤ ተቋማቱ ራሳቸው ያሠሩት ቢሆንም። ቁጥርም መግለጫም ከሌለው ደግሞ ሰማዩን እዩ። በእውነተኛ የዙሐል ፎቶ ላይ ፕላኔቱ ብሩህ ስለሆነ ከዋክብት አብዛኛውን ጊዜ አይታዩም፤ ጀርባው በከዋክብትና በሐምራዊ ደመና ካሸበረቀ ተጠራጠሩ። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩት ምስሎች ደግሞ ከተራራ ጀርባ እንደሚወጣው ዓይነት ለዓይን የሚስቡ ስለሆኑ ከእውነተኞቹ ይልቅ ቶሎ ይዛመታሉ።

ካሲኒ ነዳጇ ሊያልቅ ሲል ከምድር ይዛው የሄደችው ረቂቅ ተሕዋስ ካለ ኤንሴላደስን ወይም ታይታንን እንዳይበክል ተብሎ ዙሐል ውስጥ እንድትገባ ተደረገ። የመጨረሻ ፎቶዋን ከመግባቷ አንድ ቀን በፊት አነሳች፤ የምትገባበትን ቦታ ነበር ያነሳችው። ምልክቷ ምድር ላይ የተቋረጠው መስከረም 5 ቀን 2010 ዓ.ም. ዓርብ፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ከ55 ላይ፣ ከጁምዓ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ የሚመጡት አዳዲስ የዙሐል ምስሎች ሀብልና ጄምስ ዌብን ከመሰሉ፣ ከሩቅ ከሚያዩ ቴሌስኮፖች ናቸው። ድራጎንፍላይ የምትባል፣ እንደ ሄሊኮፕተር የምትበር መሣሪያ በ2028 ተነስታ በ2034 ታይታን ላይ እንድታርፍ ታቅዷል። እስከዚያ ድረስ ዙሐል አጠገብ ምንም ካሜራ የለም፤ «ትናንት ከዙሐል የተላከ» የሚል ምስል ከደረሳችሁ፣ የላከው ማን እንደሆነ ላኪውን ጠይቁት።